አባ ተስፋ ጽዮን፦ በሮም የስደተኞች አለኝታ

ከመርሐቤቴ ተነሥቶ የጀማን ሸለቆ ለሚሻገር መንገደኛ ደብረ ሊባኖስ ሩቅ አገር አይደለም። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ሰዎች ስለታቸውን ይዘው ለዘመናት የተመላለሱበት ይህ ጥንታዊ ገዳም፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ካፈራቸው መነኮሳት አንዱን ሮም በእንግድነት ተቀብላለች። እኚህ መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ናቸው።

አባ ተስፋ ጽዮን ገና በወጣትነታቸው ሳሉ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ወደ ሸዋ ዘለቀ። እ.ኤ.አ. በ1531 ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና በውስጣቸው የነበሩ መጻሕፍት የእሳት ሲሳይ ሆኑ፤ ዐፄ ልብነ ድንግልም ከተራራ ተራራ ሲንከራተቱ ኖረው በ1540 ዐረፉ። ከገዳሙ ቃጠሎ ጥቂት ዓመታት በኋላ አባ ተስፋ ጽዮን በኢየሩሳሌም በኩል አድርገው ሮም ገቡ።

በሮም ያረፉት ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ በስተኋላ በሚገኘው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ይህ ቤት በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሲክስቶስ 4ኛ ዘመን፣ ለኢትዮጵያውያን ተሳላሚዎች ማረፊያ እንዲሆን የተሰጠ ነው። ወደዚያ የሚመጣው ሁሉ ግን ተሳልሞ የሚመለስ አልነበረም። የሚመለስበት ደብር የተቃጠለበት፣ የዘመዶቹን ሞትና ሕይወት የማያውቅ፣ በባዕድ ከተማ ቋንቋ የጠፋበት ሰው ነበረበት። ስማቸው እንኳ በስደት ይለወጥ ነበር። ኢትዮጵያን ከሕንድ ለይተው የማያውቁት የዘመኑ ሮማውያን አባ ተስፋ ጽዮንን ጴጥሮስ ሕንዳዊ እያሉ ይጠሯቸው ነበር።

አባ ተስፋ ጽዮን ግን በዚህ ተሰብረው አልቀሩም። ላቲንና ጣልያንኛ ተማሩ፤ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 3ኛ ዘንድ ተወዳጅነትን አገኙ። በ1555 ማርቼሎስ 2ኛ ተብለው በመንበረ ጴጥሮስ የተቀመጡት ካርዲናል ማርቼሎ ቼርቪኒም ደጋፊያቸው ነበሩ። ይህን ሞገስ ለራሳቸው ምቾት ብቻ አላዋሉትም፤ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት አለቃ ሆነው ለወገኖቻቸው ጠበቃና አስተርጓሚ ሆኑ። በዚያ ቤት ከምግብና ከመኝታ በላይ የሆነ ነገር ነበር። በግእዝ ይቀደሳል፤ እንግዳው በገዛ ቋንቋው ይናገራል፤ የሞተም በወገኖቹ መካከል ይቀበራል። በክፍለ ዘመኑ አጋማሽም ማኅበሩ የሚተዳደርበት ሥርዓት በጽሑፍ ተደነገገ፤ የተጨነቁ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ፍቅር ብቻ ሳይሆን ሥርዓትም ያስፈልጋቸዋልና።

ታላቁ ሥራቸው በ1548 እና በ1549 በሮም ያሳተሙት የግእዝ ሐዲስ ኪዳን ነው። ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴ የተባሉ ወንድሞች አብረዋቸው ደከሙ፤ ማርያኖ ቪቶሪና ጴጥሮስ ጳውሎስ ጓልቲየሪም ረዷቸው። ፊደል ለቃሚዎቹ ግእዝ አያነቡም፤ መነኮሳቱም የማተሚያውን ጥበብ አያውቁም። ስለዚህ ለሚገኘው ስሕተት በመጽሐፉ ውስጥ አንባቢን በትሕትና ይቅርታ ጠይቀዋል። በአገራቸው መጻሕፍት በተቃጠሉበት ዘመን፣ እነርሱ በስደት ምድር መጽሐፍ አበዙ።

አባ ተስፋ ጽዮን በ1550ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና በአርባዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ በሮም አቅራቢያ በምትገኘው በቲቮሊ ዐረፉ። አገራቸውን ዳግመኛ አላዩም። የገነኑበት ቤተ ክርስቲያን ግን ዛሬም በቫቲካን ቆሞ ይገኛል።

የእኚህ አባት ሕይወት ለዘመናችን የሚለው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 መጀመሪያ ባሉት ወራት ብቻ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ተባርረው ተመልሰዋል። ከእነዚህ መካከል በአካል ደርሰው በአእምሮ ግን ገና በመንገድ ላይ የቀሩ ነበሩ፤ እንቅልፍ ያጡ፣ ከሰው የሸሹ፣ ባዶ እጃቸውን መመለሳቸው ያሳፈራቸው። በውጭ የጥገኝነት ጥያቄውን መልስ ለዓመታት የሚጠባበቀውም ወገን ከዚሁ ጭንቀት አያመልጥም። ነገው በማይታወቅበት ኑሮ አእምሮ ይደክማል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት መልሱን በሥራ አሳይቶናል። ስደተኛ በቋንቋው የሚሰማው ሰው፣ ከወገን ጋር የሚጸልይበት ቦታ፣ ክብሩን የሚመልስለት ሥራ ያስፈልገዋል። ከዐረብ አገር ለተመለሰችው እህት ምን ይዛ እንደመጣች ከመጠየቅ በፊት እንዴት እንደሰነበተች እንጠይቃት፤ መናገር ካልፈለገችም ዝምታዋን እናክብር። ሐዘኑ ከርሞ ሥራና እንቅልፍ ሲነሣ፣ ወይም ሰው ራሱን ስለማጥፋት ሲናገር ግን፣ ጊዜ ሳንሰጥ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ አእምሮ ሐኪም እናድርሰው፤ ብቻውንም አንተወው። ጸሎትና ሕክምና አይጣሉም፤ የአእምሮ ሕመምም እንደ ሌላው ሕመም ሁሉ እንጂ ነውር አይደለም።

አባ ተስፋ ጽዮን የተቃጠለውን ገዳማቸውን መልሰው ሊሠሩት አልቻሉም። ለተሰደደው ወገናቸው ግን በሩ ክፍት የሆነ ቤት አቆይተውለታል። ይህን ማድረግ ለእያንዳንዱ ቁምስናና ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የሚቻል ነው።