ልብንና እጅን አንድ አድርጎ ስለ ማስተማር፤ የዮሐንስ ክራፕፍ ታሪክ

አንባቢ ሆይ፤ ከአንኮበር በታች ያለችው አሊዩ አምባ በቀድሞ ዘመን ከአዳል በረሃ የሚመጣው ጨው ከደጋው እህል ጋራ የሚገናኝባት የነጋድያን ከተማ ነበረች። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1839 ዓመት ሸቀጥ የሌለው እንግዳ ከባልንጀራው ከኢዘንበርግ ጋራ በዚያች መንገድ ወደ ሸዋ ወጣ፤ ስሙም ዮሐንስ ሉድቪግ ክራፕፍ ነበረ።

ይህ ሰው በ1810 በጀርመን አገር፥ በዴሬንዲንገን መንደር፥ ከገበሬ ተወለደ። በልጅነቱ አባቱ የገዛውን የካርታ መጽሐፍ ሲመለከት በአዳል አገር ላይ ጥቂት ስም ብቻ ተጽፎ አየና ተደነቀ። አድጎም በባዝል የወንጌል ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ ያንኑ በረሃ ተሻገረ።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በደኅና ተቀበሉት። እርሱም በአንኮበር ወደ ቤቱ ለሚመጡ ጥቂት ተማሪዎች መጽሐፍ ቅዱስንና የዓለምን መልክዐ ምድር ያስተምር ዠመር፤ የኦሮሞንም ቋንቋ ተምሮ ወንጌልን ይተረጕም ነበር። ነገር ግን ንጉሡ ከመንፈስ መምህር ይልቅ ሐኪምና ግንበኛ፥ ብረት ሠሪም እንደሚሹ አስታወቁት። አንዱ ነፍስን፥ አንዱ እጅን ፈለገ፤ ያሰበውም ትምህርት ቤት ሳይጸና ቀረ። በ1842 ከሸዋ ወጣ፤ ሊመለስ ቢሞክርም መንገዱ ተዘጋበት።

በ1844 በሞምባሳ ሚስቱንና ገና የተወለደች ልጁን ቀበረ፤ ቢሆንም ሥራውን አልተወም። በ1855 ከፍላድ ጋራ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ፥ ወንጌልንና የእጅ ሥራን አስተባብረው የሚይዙ ሠራተኞች እንዲመጡ መንገድ አዘጋጀ። እነርሱም በዐፄ ቴዎድሮስ ፈቃድ መጥተው በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ተቀመጡ፤ ጐልማሶችንም የብረት ሥራ አስተማሩ። ዳሩ ግን ንጉሡ ከሁሉ ይልቅ መድፍ ስለ ወደዱ፥ የዚያ ጥበብ ዝነኛ ፍሬ ሴባስቶፖል ሆነ።

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ ምን እንማራለን? ቃል ከሥራ ሲለይ ሰሚ ያጣል፤ ጥበብም ከምሕረት ስትለይ፥ ማረሻ መሥራት የሚችለው እጅ መድፍ ይሠራል። እንግዲህ ልጅህን ፊደል ስላስቈጠርኸው ብቻ ተማረ አትበል። ቀጥቃጩንም ቡዳ ነው እያለ እንዲንቅ አትፍቀድለት፤ ጌታችን በጸራቢ ቤት አድጓልና። አእምሮው፥ ልቡና እጁ አብረው ይደጉ።

ክራፕፍ በ1881 በኮርንታል በአልጋው አጠገብ ተንበርክኮ ሲጸልይ ዐረፈ። እርሱ በአንኮበር ሊያቆመው ያልቻለውን ትምህርት ቤት አንተ ዛሬ በቤትህ ልትዠምረው ትችላለህ።