ባሕርንና ሰማይን በአንድ ወረቀት ያጋጠመው ጉስታቭ ለ ግሬ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባሕርን ፎቶ ማንሳት የሚሻ ሰው ከማዕበሉና ከደመናው አንዱን መምረጥ ነበረበት። የዘመኑ የመስታወት ኔጋቲቭ ሰማያዊ ብርሃንን ከሌላው ፈጥኖ ይቀበላል። ስለዚህ ባሕሩ በወጉ እስኪቀረጽ ሰማዩ ነጭ ባዶ ይሆናል፤ ለደመናው ሲባል ብርሃኑ ከተቀነሰ ደግሞ ባሕሩ ይጨልማል።

ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ ይህን እንቅፋት በጥበብ ተሻገረው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820 በፓሪስ አቅራቢያ የተወለደው ለ ግሬ ሙያው ሥዕል ነበር። ባሕሩንና ሰማዩን ለየብቻ እያነሳ፣ ሁለቱን ኔጋቲቮች በአንድ ወረቀት ላይ ያትም ጀመር። የሁለቱ መጋጠሚያ አድማሱ ነበር። በ1857 በደቡብ ፈረንሳይ የሜዲትራኒያን ዳርቻ ያነሳው ‘ታላቁ ማዕበል’ የዚህ ዘዴ ፍሬ ነው። በሁለት የተለያዩ ቅጽበቶች የተያዘው ብርሃን፣ ዓይን በአንድ አፍታ የሚያየውን መሰለ።

ዝናው ግን ከዕዳ አላዳነውም። በፓሪስ የከፈተው ሰፊ ስቱዲዮ ከስሮ በ1860 ተዘጋ። ለ ግሬም ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ከደራሲው አሌክሳንደር ዱማ ጋር በመርከብ ተጓዘ፤ ወደ አገሩም ዳግም አልተመለሰም። በሲሲሊና በሶሪያ በኩል አልፎ ግብጽ ደረሰ። በካይሮ ሥዕል እያስተማረ ኖሮ በ1884 እዚያው አረፈ።

ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1999፣ ‘ታላቁ ማዕበል’ ለንደን ውስጥ ለጨረታ ቀረበ። ከ500 ሺህ ፓውንድ በላይ ተሸጦም እስከዚያ ጊዜ በጨረታ ለአንድ ፎቶ ከተከፈለው ዋጋ ሁሉ በለጠ።