የእንግሊዝኛ ቃላት መርማሪ ሳሙኤል ጆንሰን

ሳሙኤል ጆንሰን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1709 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በሊችፊልድ ከተማ ከመጻሕፍት ነጋዴ አባት ተወለደ። ድህነት የኦክስፎርድ ትምህርቱን ቢያቋርጥበትም ከንባብ አልተለየም፤ በ1735 ዓ.ም. ጀሮኒሞ ሎቦ የተባለው ፖርቱጋላዊ ካህን ስለ አገራችን የጻፈውን የጉዞ ታሪክ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መለሰ።

በ1755 ዓ.ም. ከ40 ሺህ በላይ ቃላት ያሉበትን መዝገበ ቃላት አወጣ፤ በዚህም የቃሉን ሥር እየመረመረ ምሥጢሩን ከደራስያን ንባብ አስረዳ። ነገር ግን ዊንድዋርድ ነፋስ ወደሚመጣበት፥ ሊዋርድ ነፋስ ወደሚሄድበት ማለት ሲሆን ሁለቱን በአንድ ፍች ፈታቸው። ከፈረስ ኮቴ በላይ ያለውን ፓስተርን የተባለውን የእግር ክፍልም የፈረስ ጉልበት ነው ብሎ ጻፈ። አንዲት ሴት ምክንያቱን ብትጠይቀው አለማወቁን ሳያፍር ነገራት።

በ1784 ዓ.ም. ዐርፎ በዌስትሚኒስተር ተቀበረ። እንግዲህ ቃል የምንፈታ ደቀ መዛሙርት፥ ያላወቅነውን አላውቅም ማለትን ከዚህ ሊቅ እንማር።