ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ፦ ከሆስፒታሉ በፊት ወንዙን ያዩ ተመራማሪ

ጭላሎ ሥር ላደገ ወይም አሰላ ለተማረ ሰው እንዶድን ማስተዋወቅ አያሻም። በአጥርና በገደል አፋፍ የሚንጠላጠል ቁጥቋጦ ነው፤ በኦሮምኛ አንዶዴ ይሉታል። ፍሬው ደርቆ፣ ተወቅጦ በውኃ ሲታሽ ይደፈቃል። ሳሙና እንደልብ ባልነበረበት ዘመን ጋቢውም ነጠላውም የሚነጣው በእሱ ነበር። ሁሉም ሰው ከሚያውቀው ከዚህ ተክል ተነሥተው ስማቸው በዓለም የታወቀውን የፕሮፌሰር አክሊሉ ለማን ሕይወት በዚህ የመገናኛ መጽሐፋችን ማንሳታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ሥራቸው ተረኛ ሐኪም ሁሉ ከሚፈራው ሕመምተኛ፣ ደም እያስመለሰ ድንገተኛ ክፍል ከሚደርሰው የጉበት በሽተኛ ጋር ይገናኛል።

ሕክምና ላልተማራችሁ ጓደኞቻችን ነገሩን ባጭሩ እናስረዳ። ከአንጀትና ከጣፊያ የሚመለሰው ደም ወደ ልብ የሚደርሰው በጉበት በኩል አልፎ ነው። ጉበት ሲጠባሰስ መንገዱ ይጠብና ግፊቱ ይጨምራል። ደሙ ሌላ መውጫ ሲፈልግ በምግብ ቧንቧ ግርጌ ያሉትን ስስ ደም ሥሮች ይወጥራቸዋል፤ ሲፈነዱ የሚፈሰው ደም በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል። ጉበትን አጠባስሶ ሲሮሲስ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ሄፓታይተስ ወይም መጠጥ ነው። በአገራችን ግን ሌላም ምክንያት አለ፤ ቢልሃርዝያ። ትሏ የምትኖረው በአንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ውስጥ ነው። ከእንቁላሎቿ ከፊሉ በደም ተወስዶ ጉበት ውስጥ ይቀረቀርና ዙሪያው ይጠባሰሳል። የጉበቱ ሥራ ብዙም ሳይጓደል ግፊቱ ብቻ ይንራል፣ ጣፊያ ያብጣል። ይህ ሁሉ ዓመታት ይፈጃል። በልጅነቱ ወንዝ ውስጥ ሲዋኝ የተያዘ ልጅ ደም የሚያስመልሰው የቤተሰብ ኃላፊ ከሆነ በኋላ ሊሆን ይችላል።

ትሏ ሰው ላይ ከመድረሷ በፊት ግን በአንድ ዓይነት የውኃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ማለፍ አለባት። የአክሊሉ ለማ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአሜሪካ ተምረው ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙት እኚህ ወጣት ሳይንቲስት፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የቢልሃርዝያን ቀንድ አውጣዎች ሊያጠኑ ዓድዋ ወረዱ። እዚያም እናቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተው አዩ። ብዙ ሰው አይቶ ያልፈው ይሆናል። እሳቸው ግን በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች ሰብስበው ከእጥበቱ አረፋ እንዲጨመርባቸው አደረጉ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ከዚያ በኋላ የመጣው የላቦራቶሪ ሥራ ነው፤ ምን ያህል መጠን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ውኃ። እ.ኤ.አ. በ1966 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 እንዶድ በዓድዋ ወንዞች ላይ በሥርዓት ተሞከረ። በአምስት ዓመቱ መጨረሻ ከትንንሽ ልጆች መካከል በቢልሃርዝያ የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ፤ በጠቅላላው ሕዝብ ደግሞ ቁጥሩ ወደ ግማሽ ገደማ ዝቅ አለ። ከፍሬው የተለየው ቀንድ አውጣ ገዳይ ንጥረ ነገርም በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በበኩላቸው ከአገሪቱ ልዩ ልዩ የእንዶድ ዝርያዎች የተሻለውን ለመምረጥ ደከሙ። እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ሁለቱ አብረው ተቀበሉ።

መንገዱ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ውጤቱ በአፍሪካዊ ተመራማሪ፣ በአፍሪካ ላቦራቶሪ ተገኝቶ ሳለ፣ የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ድጋፍ ለዓመታት ዘገየ፤ የደኅንነት ምርመራው በውጭ ላቦራቶሪዎች ደረጃ እንደገና ይሠራ ተባለ። አክሊሉ ይህን በአደባባይ ሲከራከሩበት ኖረዋል። በሌላ በኩል እንዶድ የራሱ ጉድለት እንዳለበት መሸሸግ አይገባም። ዓሣንም ይገድላል፤ ቀንድ አውጣዎቹም ስለሚመለሱ ውኃውን ደጋግሞ ማከም ይጠይቃል። በመሃሉ ፕራዚኳንቴል የተባለው፣ ትሏን በቀላሉ የሚገድል ክኒን መጣና ትኩረቱን ሁሉ ወሰደው። ፕሮፌሰሩ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ውስጥ ሠርተው በመጋቢት 1989 ዓ.ም. አረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ታዲያ ይህ ለኛ ለአርሲዎቹ ምናችን ነው? ከካርታው እንጀምር። አሰላ ደጋ ናት፤ እዚህ እንዶድ ይበቅላል እንጂ ቢልሃርዝያ አይመቸውም። ነገር ግን ከተራሮቻችን የሚነሣው የከታር ወንዝ የሚገባው ዝዋይ ሐይቅ ነው። በዝዋይ ዙሪያም በወንጂ ሸንኮራ እርሻም በሽታው መኖሩ በጥናት የታወቀ ነው። የደጋው ሰው ደግሞ ለሥራ ወደዚያ ይወርዳል፣ ሲታመም ወደ ቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ደም ያስመለሰውን ሰው ስንቀበል፣ መጠጥ ትጠጣለህ ወይ ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። የት ውኃ ዋኘህ፣ የት እርሻ ሠራህ የሚለውም ከታሪኩ ሊጎድል አይገባም።

ሕክምናው በዘመናችን ብዙ ተራምዷል። እ.ኤ.አ. በ1981 በፈረንሳይ ዲዲዬ ለብሬክና ባልደረቦቻቸው ፕሮፕራኖሎል በሲሮሲስ ሕመምተኞች ላይ ዳግም መድማትን እንደሚቀንስ አሳዩ። ያበጠውን ደም ሥር በኢንዶስኮፒ ገብቶ በላስቲክ ማሰርም የተለመደ ሆነ። ይሁንና ይህ ማስረጃ የተሰበሰበው በአብዛኛው ከሲሮሲስ ሕመምተኞች ነው። ጉበቱ ገና በሚሠራ የቢልሃርዝያ ሕመምተኛ ላይ የቱ ሕክምና ይበልጥ ያዋጣል የሚለው ጥያቄ፣ ሕመምተኞቹ ባሉበት አገር ቢጠና ይሻላል። ክኒኑም ትሏን ይገድላል እንጂ የቆየውን ጠባሳ ሁልጊዜ አይመልሰውም፤ በጊዜ ካልተሰጠ የመድማቱ አደጋ ይቀራል።

ከአክሊሉ ለማ ሕይወት ለተማሪዎቻችን የሚተርፈው ይኸው ይመስለናል። ጥሩ የምርምር ጥያቄ የግድ ከውጭ መጽሔት አይመጣም፤ ወንዝ ዳር ልብስ ከሚያጥቡ እናቶችም ይገኛል። እናቶቹ እንዶድን ያውቁታል፤ ተመራማሪው የጨመረው መለካቱንና መመዝገቡን ነው። የአሰላ መምህራንና ተመራቂዎችም ከዋርዱ መዝገብ እስከ ዝዋይ ዳርቻ ያለውን መንገድ ተከትለው ቢጠይቁ፣ ደም ያስመለሰውን ሰው ከማዳን አልፈው ልጁ ያንኑ ዕጣ እንዳይወርስ ማድረግ ይችላሉ።