በአባቴ ፎቶግራፍ ውስጥ የሌለው ሰው

ለጊፋታ በዓል አረካ በገባሁ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ባለው ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይ ነው። መምህር የነበሩት አባቴ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ከአፍሪካ አዳራሽ ፊት ለፊት ቆመዋል። ልጅ ሳለሁ ሕንፃውን ማን እንደሠራው ብጠይቃቸው ጃንሆይ መሆናቸውን ነገሩኝ። ጃንሆይ ግን አሠሩት እንጂ አልነደፉትም።

የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 ጣሊያን ውስጥ ተወልዶ፣ በ1940 ገና በወጣትነቱ አስመራ ገባ። በማግሥቱ ዓመት ፋሺስት ኢጣሊያ ከአገራችን ተባረረች፤ እሱ ግን እዚያው ቀርቶ ሙያውን ያዘ። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1950 ዓ.ም. ተቋቁሞ አዲስ አበባን መቀመጫው ሲያደርግ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የአዳራሹን ሥራ የሰጡት ለዚሁ ሰው ነበር። በጣሊያን የተወረረ ንጉሥ የአፍሪካን ነፃነት መሰብሰቢያ በጣሊያናዊ እጅ ማሠራቱን ሳስብ፣ ይቅርታ ከቃል አልፎ ሲሚንቶና ድንጋይ ሲሆን ይታየኛል።

ግንባታው በዓመት ተኩል ገደማ ተጠናቆ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። የአፈወርቅ ተክሌ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ያረፈው እዚያ ነው። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተውም በዚሁ ጣሪያ ሥር ነው። የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትም የሜዜዲሚ ሥራ ነው። ከአብዮቱ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በ2002 ዓ.ም. አረፈ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአባቴን ፎቶግራፍ ልድገም ብዬ ልጄን እዚያው አካባቢ አቆምኩ። አንድ ጥበቃ ከለከለኝ። በየትኛው ሕግ ብዬ ብጠይቅ በእጁ አሻግሮ መንገዱን አሳየኝ። የጥበቃን ነገር አላቃልልም። ነገር ግን ሕዝብ ቆሞ ሊያየው ያልተፈቀደለትን ቅርስ እንዴት የኔ ይበል?

ጥፋቱ የጥበቃው ብቻ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሕንፃ ንድፍን ከሚጠበቁት ሥራዎች ይቆጥራል፤ ለአመንጪውም ስሙ እንዲጠቀስ መብት ይሰጣል። እኛ ግን ፎቶግራፉን ስንለጥፍ የነዳፊውን ስም አንጽፍም። አዳራሹ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ዳግም ሲከፈት ብዙ ሥዕል አየሁ፤ ከሥራቸው ስሙን ያገኘሁባቸው ጥቂቶች ናቸው።

ዘንድሮ የአባቴን ፎቶግራፍ ከግድግዳው አውርጄ ጀርባው ላይ ሁለት ስም ጻፍኩ፦ የአባቴንና የሜዜዲሚን። ከዚያ ወደ ቦታው መለስኩት።