ራምቦ ያማው የሐረር ማዕድ

ጀጎል ውስጥ ፎቶ ከሚነሳባቸው ቤቶች አንዱ «የራምቦ ቤት» የሚባለው ሙዚየም ነው። የፊልሙን ራምቦ እንዳይመስላችሁ። አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1854 ፈረንሳይ ውስጥ ተወለደ፤ ገና በ20 ዓመቱ አካባቢ ግጥምን እርግፍ አድርጎ ተወ፤ ዛሬም ግን ስሙ ከዓለም ታላላቅ ገጣሚዎች ጋር ይጠራል። እኔ የማወራችሁ ስለ ግጥሙ አይደለም፤ ስለ ሆዱና ስለ ጉልበቱ ነው።

በ1880 መጨረሻ ለባርዴ የንግድ ድርጅት ቡናና ቆዳ ሊገዛ ከኤደን ሐረር መጣ። በኋላ ለምኒልክ ጠመንጃ ሸጠ። በ1888 ተመልሶ ሐረር ላይ የራሱን ንግድ ከፈተ። ለቤተሰቡ በሚጽፈው ደብዳቤ ግን የአገሩን ምግብ ቆሻሻ ነው እያለ ያማርር ነበር።

እኔ በዚህ አልስማማም። የሐረር ማዕድ እኮ የማሽላ እንጀራ አለው፣ በአብሽ የሚሠራ ሁልበት መረቅ አለው፣ ከወተት ጋር የሚፈላ የቡና ገለፈት ሆጃ አለው፣ ከቆላ የሚመጣ የግመል ወተት አለው። ቻይናዎች ምግብን የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ ብለው ከፍለው፣ ጤና የሁለቱ ሚዛን ነው ይላሉ። በ7ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪም ሱን ሲሚያው በሽተኛው መጀመሪያ በምግብ ይታከም፣ ካልሆነ ወደ መድኃኒት ይኬድ ብሎ አስተምሯል። የእኛም እናቶች ብርድ ለመታው ዝንጅብል፣ ለአራስ አጥሚት ሲያቀርቡ ሐሳቡ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ግን ምግብ ሁሉን ነገር አይችልም። በ1891 መጀመሪያ የራምቦ ቀኝ ጉልበት አበጠ። የካቲት ውስጥ ለእናቱ ጽፎ የደም ሥር ካልሲ እንድትልክለት ጠየቀ። ለሕመሙ ፈረስ መጋለቡንና ብዙ መሄዱን ተጠያቂ አደረገ፤ ጤና የሚያበላሹ ናቸው ካላቸው ነገሮች መካከልም መጥፎ ምግብና መጥፎ ቤት ነበሩበት። ጉልበቱን በፋሻ ጠቀለለ፣ አሸ፣ ሥራውንም ቀጠለ። መራመድ ሲያቅተው አልጋው ላይ ሆኖ ግቢው ውስጥ ያለውን የቡና ሚዛን ይከታተል ነበር። የምግብ ፍላጎቱ ጠፋ፣ እንቅልፍ አጣ፣ ከሳ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በሽታውን ያመጣው ምግቡ አይደለም፤ ምግቡን ያስጠላው በሽታው ነው።

ሚያዝያ ላይ 16 ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው 300 ኪሎ ሜትር ያህል በረሃ አቋርጠው ዘይላ አደረሱት። ከዚያ ኤደን፣ ከዚያ ማርሴይ። ግንቦት ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ የአጥንት ካንሰር ነበር። ክረምቱን ቤተሰቡ ዘንድ ሲያሳልፍ እህቱ ኢዛቤል የፖፒ ሻይ እያፈላች ታጠጣው ነበር። ሻይው ሕመሙን አደነዘዘለት እንጂ አላዳነውም። ኅዳር 10 ቀን 1891 በ37 ዓመቱ ማርሴይ ውስጥ ሞተ።

ቀድሞ ቢታይ ይድን ነበር አልልም፤ የዚያ ዘመን ሕክምና አቅሙ ትንሽ ነበር። የዛሬው ግን ከዚያ በጣም የተሻለ ነው። ስልካችሁ ላይ «ይህን ጠጡ፣ ካንሰር ይጠፋል» የሚል ቪዲዮ ሲመጣ ራምቦን አስቡት። ሁልበቱንም ሆጃውንም ጠግባችሁ ብሉ፣ ጠጡ። ግን እብጠት አልጠፋ ሲል፣ የምግብ ፍላጎት ሲዘጋ፣ ኪሎ ያለ ምክንያት ሲወርድ፣ ስለ ምግቡ መከራከሩን ትታችሁ ቶሎ ሐኪም ጋ ሂዱ።