የፔስታሎዚ ታሪክ

ዮሐንስ ሄንሪክ ፔስታሎዚ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1746 ዓ.ም. በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም ነበረ፤ ነገር ግን ልጁ የአምስት ዓመት ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱና አንዲት ታማኝ አገልጋይ በቍጠባ አሳደጉት። ስለዚህ አባት የሌለው ልጅ የሚያገኘውን ችግር ከታናሽነቱ ጀምሮ ያውቅ ነበረ።

በ1798 ዓ.ም. የፈረንሳይ ጦር ሽታንስ የምትባለውን ከተማና አውራጃዋን ወግቶ አቃጠለ። ብዙ ሰው ስለ ሞተ ብዙ ሕፃናት ያለ አሳዳጊ ቀሩ። የስዊስ መንግሥትም እነዚህን ልጆች እንዲያሳድግና እንዲያስተምር ፔስታሎዚን ላከው።

በጥር ወር 1799 ዓ.ም. በአንድ ገዳም ቤት ሥራውን ጀመረ። የልጆቹም ቍጥር እያደገ እስከ 80 ደረሰ። ረዳቱ አንዲት የቤት ሠራተኛ ብቻ ነበረች። ከልጆቹ እኩሌቶቹ እከክና ቅማል የወረሳቸው፥ እኩሌቶቹ ልመና የለመዱ፥ እኩሌቶቹም ቀድሞ በድሎት ኖረው ባልንጀሮቻቸውን የሚንቁ ነበሩ። መታዘዝን አያውቁም፥ ሰውንም አያምኑም ነበረ።

ፔስታሎዚ ግን አልተሰለቸም። ከእነርሱ ጋራ ይበላ ነበረ፤ በመካከላቸውም ያድር ነበረ። ማታ ከሁሉ በኋላ ይተኛል፥ ጧት ከሁሉ በፊት ይነሣል። ጩኸት በበዛ ጊዜ አስቀድሞ ዝም ማለትን ያስተምራቸው ነበረ። ፊደል ያወቀው ልጅም ባላወቁት በሁለቱ መካከል ተቀምጦ ያስጠናቸው ነበረ። ባለጌና ልበ ደንዳና የሆነውን ልጅ አንዳንድ ጊዜ ይመታው ነበረ፤ ነገር ግን ወዲያው እጁን ሰጥቶ ስለሚስመው፥ ልጁ እንዳልተጠላ ያውቅ ነበረ።

በሚያዝያ ወር አልትዶርፍ የምትባል ከተማ ተቃጠለች። ፔስታሎዚ ልጆቹን ሰብስቦ፥ ቤት ካጡት ልጆች ኻያ ያህሉን ለመቀበል ይወዱ እንደ ሆነ ጠየቃቸው። ምግባቸው እንደሚያንስ፥ ሥራቸው እንደሚበዛ፥ ልብሳቸውንም መካፈል እንደሚሆንባቸው አስቀድሞ ነገራቸው። እነርሱ ግን ሁሉም በደስታ እሺ አሉ። ከጥቂት ወራት በፊት መታዘዝን የማያውቁት እነዚሁ ልጆች ነበሩ።

በሰኔ ወር ቤቱ ለወታደሮች ሐኪም ቤት ስለ ተፈለገ ትምህርቱ በድንገት ተቋረጠ። አምስት ወር ያህል ብቻ ቈይቶ ነበረ። ፔስታሎዚም ከድካሙ ብዛት ደም እስከ መትፋት ታሞ ነበረ። ለሚሄዱት ልጆች ልብስና ጥቂት ገንዘብ ሰጥቶ አሰናበታቸው። ኋላም በቡርግዶርፍና በኢቨርዶን ትምህርት ቤት አቆመ፤ ከብዙ አገር መምህራን አሠራሩን ለማየት ወደ እርሱ ይመጡ ነበረ። በ1827 ዓ.ም. ሞተ።

ልጆች ሆይ፥ የትምህርት ዘመን ሊፈጸም ሲቀርብ የብዙ ተማሪ ልብ ከትምህርት ቤት አስቀድሞ ይወጣል፤ ጨዋታና ሁከትም ይበዛል። የሽታንስ ልጆች ግን ትምህርታቸው ሊያልቅ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው ከሁሉ የሚበልጠውን ሥራ ሠሩ። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ በርሱ የተገኘ መልካም ጠባይ ግን ከተማሪው ጋራ ወደ ቤቱ ይሄዳል።